የደብረ ሲናዋ ድንጋይ

እየሮጡ መውደቅ ወግ ነው። ከፍጥነት ጋር የመጣ አደጋ ስለሆነ ያየ ሁሉ ያዝናል፤ «እግዚአብሔር አተረፈህ» ይላል። ሞተር ሳይክልን ካቆሙ በኋላ፣ ቆሎ ሻጮች ከበው እያዩ፣ እንደ ተገዘገዘ ባሕር ዛፍ ቀስ ብሎ መውደቅ ግን ሌላ ነገር ነው። ለመውደቅ በቂ ጊዜ አለ። የሚወድቀው እንደሚወድቅ ያውቃል፤ የከበቡትም ያውቃሉ። እኔ ይህን የተማርኩት ደብረ ሲና ላይ ነው።

ጥር 1989 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነበር። ከአዲስ አበባ 190 ኪሎ ሜትር ያህል ነድቼ፣ ጣርማ በርን ተሻግሬ፣ ጣቶቼ በብርድ ደንዝዘው ደብረ ሲና ደረስኩና ከመንገዱ ዳር ቆምኩ። ከተማዋ እንደምታውቋት ተዳፋት ላይ የተቀመጠች ናት። በቁልቁለቱ በኩል ያለውን እግሬን ዘረጋሁ፤ መሬት የለም። መሬቱስ ነበረ፤ እግሬ ከሚደርስበት አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ ነው እንጂ። ከ150 ኪሎ በላይ የሚመዝን ብረት ደግሞ አንዴ ካዘነበለ በልመና አይመለስም።

ሰፌዱ ሁሉ ወደ ኋላ ሸሸ። ከዚያ ልጆቹ ሳቁ። ሞተሩን ከላዬ ያነሳችልኝ ጠና ያለች ቆሎ ሻጭ ናት። «ተጎዱ እንዴ ጋሼ?» አለችኝ። ከክብሬ በቀር የተጎዳ ነገር እንደሌለ ነገርኳት። ሞተሩን ከላይ እስከ ታች፣ ቀጥላም እኔን ከታች እስከ ላይ አየች። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ አልወሰደባትም። «በቅሎ እንኳ መወጣጫ ድንጋይ ይፈለግላታል» አለች፤ «ይኼ ምን ስለሆነ ነው ያለ ድንጋይ የሚወጣውና የሚወረደው?»

ልጆቹ ሮጠው ከቦዩ ዳር አንድ ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ አመጡ። እግሬን እዚያ ላይ አሳርፌ ወጣሁ፤ ሸዋ ሮቢት ደረስኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ፣ የሞተሩን ድምፅ ሲሰሙ አንዱ ልጅ ድንጋይዋን አንስቶ ይሮጣል፤ እኔም እግሬን እሷ ላይ አሳርፌ ቆሎዬን እገዛለሁ። የድንጋይዋን ስም የሰማሁት ቆይቼ ነው። «የአጭሩ ሰውዬ ድንጋይ» ነው የምትባለው።

ሞተሩ ያማሃ ኤክስ ቲ 600 ነው። ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ ላይ ነበር የገዛሁት። የሱ አገር ሰዎች በጎንና በጎኑ ሳጥን አስረው፣ በግብፅና በሱዳን አቋርጠው፣ አፍሪካን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚዞሩበት ዓይነት ነው። ሰውየው በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ነበር። እኔ ደግሞ 1 ሜትር ከ60 ነኝ። የሞተሩ ወንበር ከመሬት 85 ሴንቲ ሜትር ከግማሽ ገደማ ይርቃል፤ የኔ እግር ከብሽሽቴ እስከ ተረከዜ 72 ነው። ቀሪውን ከየት ላምጣው?

አንባቢ «ስትቀመጥበት ይሰምጥ የለም ወይ?» ትሉ ይሆናል። ይሰምጣል። ነገር ግን ሞላው የተመረጠው ለከባድ ሰው ስለሆነ፣ ለዚያ ረጅም ፈረንጅ የሚሰምጠውን ያህል ለኔ አይሰምጥም። አጭር ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቀላልም ነው። እግሩም አይደርስ፣ ክብደቱም አያወርድለት። ለአጭር ሰው ዓለም ሁለት ጊዜ ትረዝማለች የምለው ለዚህ ነው።

ቁመቴን የወረስኩት ከአባቴ ነው። አባቴ አሰብ የአዲስ አበባ ወደብ በነበረበት ዘመን፣ «ኤንትሬ» የምንለውን የፊያት የጭነት መኪና በዚሁ በደብረ ሲና መንገድ ሃያ አምስት ዓመት ያመላለሱ ሾፌር ነበሩ። ወንበሩ ላይ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ አራት እጥፍ አድርገው ካልተቀመጡ መንገዱ አይታያቸውም። ብርድ ልብሱ ዓይናቸውን ከመስታወቱ ሲያደርስላቸው ግን እግራቸውን ከፍሪሲዮኑ አራቀባቸው። ስለዚህ ፔዳሉ ላይ እንጨት አሰሩበት። እንጨቱ ደግሞ ሲረጥብ ያንሸራትታል፤ ስለዚህ የጎማ ቁራጭ ቸነከሩበት። ልጅ ሆኜ ይህን ሁሉ ሳይ ሹፌርነት ማለት ብርድ ልብስ፣ እንጨትና ጎማ መስሎኝ ነበር።

አባቴ ይህን አላፈሩበትም ማለት አልችልም። ረዳታቸው ብርድ ልብሱን የሚያነጥፈው ሌሎች ሾፌሮች ሳያዩ ነበር። ራይሻርድ ካፑሽቺንስኪ የተባለው ፖላንዳዊ ጋዜጠኛ በ1978 እ.ኤ.አ. ስለ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ባሳተመው መጽሐፍ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ዙፋን ላይ ሲቀመጡ እግራቸው ተንጠልጥሎ እንዳይታይ ፈጥኖ ትራስ የሚያስገባ አሽከር እንደነበረ ይተርካል። መጽሐፉ እውነትና ፈጠራ ያደባለቀ ነው ተብሎ ብዙ ተተችቷልና እኔ የትራሱ ምስክር አልሆንም። ታሪኩ ለምን በዓለም እንደተወደደ ግን ይገባኛል። አጭር ሰው ንጉሥም ሆነ የኤንትሬ ሾፌር፣ ዕቃው ለሱ ልክ እንዳልተሠራ ሰው እንዳያውቅበት ይጨነቃል። ራሱን ከፍ ለማድረግ ትራስ ይፈልጋል፤ ወንበሩን ዝቅ ማድረግ አይታሰበውም።

በየሁለት ሳምንቱ ሸዋ ሮቢት የምመላለሰው ለአባቴ ብዬ ነበር። ጡረታ ከወጡ በኋላ ሙቀቱ ለወገባቸው ስለተስማማቸው እህቴ ዘንድ ይኖሩ ነበር። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ሌሊት ከአልጋቸው ሲወርዱ ወድቀው ዳሌያቸውን ተመቱ። አጥንታቸው አልተሰበረም፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ ሌሊት ለመነሳት ይፈሩ ጀመር። ለእህቴ ግን «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ነው የሚሏት።

ግንቦት ላይ ሞተሩን ወደ ባለሙያ ወሰድኩት። ሶማሌ ተራ አካባቢ፣ ቶርኖ ያለው አንድ ሽማግሌ መካኒክ ነበር። የጋራዥ ቋንቋችን ከየት እንደመጣ ለማወቅ እሱን ለአንድ ሰዓት መስማት ይበቃል፤ ሞላ፣ ካቴና፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ኩሽኔታ፣ ካቻቢቴ… ጣርማ በርን የበሱት ጣሊያኖች ለመንገዱ ዋሻ፣ ለጋራዡ ደግሞ ቃል ትተው ሄደዋል።

«ጋሼ፣ ይህን ነገር ዝቅ ያድርጉልኝ» አልኩት። ስንት ጊዜ በልቤ እንደተለማመድኩት እግዚአብሔር ያውቃል። እሱ ግን አልሳቀም። ኮርቻው ላይ አስቀመጠኝና ዞሮ አየኝ።

«ይኼ ሞተር የረዘመው ለኩራት እንዳይመስልህ፤ ጎማው ጉድጓድ ሲያገኝ ወደ ላይ የሚሸሽበት ቦታ ይፈልጋል። ሞላውና ሾክ አብዞርበሩ የሚሠሩት እዚያ ባዶ ቦታ ውስጥ ነው። ከሥር ደግሞ ድንጋይ ሆዱን እንዳይመታው መራቅ አለበት። ሁለቱን ስትደምረው ወንበሩ ሰማይ ይሆናል» አለኝ።

መንገዱ አንድ ብቻ አለመሆኑንም አስረዳኝ። የወንበሩን ስፖንጅ መቅደድ ይቻላል፤ ርካሽ ነው፤ ግን ደብረ ብርሃን ሳትደርስ የተቀመጥክበት አጥንት ይነግርሃል። ሞላውን ማላላት ይቻላል፤ ግን ጉድጓድ ባገኘ ቁጥር እስከ መጨረሻው ወርዶ ብረት ከብረት ይጋጫል። ሞላ መቁረጥን ከነጭራሹ አልወደደም፤ «የተቆረጠ ሞላ አጭር ብቻ አይደለም፣ ደረቅም ይሆናል። የምትቀንሰው ቁመቱን መስሎህ ልስላሴውን ነው» አለ። የሱ ምርጫ ከኋላ ሾክ አብዞርበሩን ከጎማው ክንድ ጋር የሚያያይዙትን ሁለት ብረቶች ቶርኖ ቤት አስረዝሞ መሥራት ነበር። ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ብረቶቹ ሲረዝሙ ወንበሩ ይወርዳል። የጥቂት ሚሊ ሜትር ልዩነት ወንበሩ ላይ ሴንቲ ሜትሮች ይሆናል።

«ከኋላ ብቻ ካወረድከው ግን አፍንጫውን ሰቅሎ ይሄዳል፤ መሪው ይሰንፍብሃል። ስለዚህ የፊቱን ሹካ ከማሰሪያው ውስጥ ወደ ላይ እንስበዋለን። ያም ሲሆን ጎማው ሙሉ በሙሉ ሲጨመቅ ከፓራፋንጎው እንዳይጋጭ እናያለን። ካቴናውም እንደገና ይለካል። መብራቱም…»

«ስንት ይወርዳል ታዲያ?» አቋረጥኩት።

«አራት ሴንቲ ሜትር ይበቃሃል።»

«ስድስት ያድርጉልኝ።»

«ለምን? ሞተር እኮ በአንድ እግር ነው የሚቆመው። ሁለቱን ተረከዝህን ካላስነካሁ አትበል።»

አልሰማሁትም። ሁለት ተረከዝ ነበር የምፈልገው። እዚያች ከተማ ሁለቱን ተረከዜን ተክዬ መታየት ነበር የምፈልገው። «ገንዘቡ ያንተ ነው» ብሎ ስድስት አደረገልኝ። ዓርብ ማታ ሲጨርስ «መቆሚያውን ነገ ጠዋት ና ላሳጥርልህ» አለኝ። ነገ ጠዋት ቅዳሜ ነበር። አመስግኜው ሄድኩ።

ቅዳሜ ጣርማ በር ላይ አየሩ ሳስቶ ካርቡራተሩ ሲያፍን እንኳ አልተበሳጨሁም። ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ግማሽ ኪሎ ሜትር ያለፈ ጨለማ ዋሻ ውስጥ ገብታችሁ ስትወጡ፣ ምድር ከእግራችሁ ሥር ተቀድታ ትጠብቃችኋለች። ወደ ታች ደብረ ሲና፣ ከዚያ አርማንያ፣ ከዚያ ጭጋግ ውስጥ የይፋት ቆላ። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነች። በአጭር መንገድ አገሩ ራሱ ዝቅ ይላል፤ ካፖርት ለብሰህ ትጀምረውና በሸሚዝ ትጨርሰዋለህ። እኔም ያን ቀን ከአገሩ ጋር ዝቅ ያልኩ መሰለኝ።

ደብረ ሲና ስደርስ ልጁ ድንጋይዋን ታቅፎ መጣ። በእጄ ከለከልኩትና ሁለቱን እግሬን ዘርግቼ አስፋልቱ ላይ ተከልኩ። ልጁ ድንጋይዋን እንደታቀፈ ቀረ። ቅር ያለው ይመስላል። እኔ ግን ኮርቻው ላይ ቀጥ ብዬ ግራና ቀኝ አየሁ፤ መቆሚያውን አወረድኩ፤ ወርጄም ወደ ቆሎዬ ሄድኩ።

አንድ የጭነት መኪና በአጠገባችን አለፈ። ነፋሱ ብቻ በቃ። ሞተሩ እንደ ወትሮው መቆሚያው ላይ ዘንበል ብሎ መደገፍ ሲገባው ቀጥ ብሎ ነበር የቆመው፤ ሞተሩን አሳጥሬ መቆሚያውን እንደነበረ ትቼዋለሁና። ወደ ሌላው ጎኑ ዞር አለና የሴትዮዋ ሰፌድ ላይ ተጋደመ። ቆሎው አስፋልቱ ላይ ተበተነ። ሰው አለመጎዳቱን ካየሁ በኋላ ሒሳቤን ቀና ብዬ ሳላይ ከፈልኩ። ሴትዮዋ ገንዘቡን መቀነቷ ውስጥ ቋጠረችና፣ «መጀመሪያ ፈረሱ ረዘመ፤ አሁን ደግሞ ከዘራው ረዘመ» አለች። መድኃኒቱንም የነገረችኝ እሷው ናት፤ «አዙረው ያቁሙታ! ከዘራው ወደ ቁልቁለቱ ይሁን።» አዞርኩት። ጥር ላይ የጣለኝ ተዳፋት ግንቦት ላይ ደገፈልኝ።

በኋላ ሳነብ እንዳየሁት ይህን ፋብሪካዎቹም ያውቁታል። ሱዙኪ በ1996 እ.ኤ.አ. ያወጣው ዲ አር 650፣ ሾክ አብዞርበሩን ዝቅ አድርጎ ለማሰር ሁለተኛ ቀዳዳ ተበጅቶለት ነው የወጣው፤ ወንበሩ አራት ሴንቲ ሜትር ያህል ይወርዳል። ይህን ያደረገ ሰው መቆሚያውንም በአጭር እንዲለውጥ ይመከራል። አራት ሴንቲ ሜትር! የሶማሌ ተራው ሽማግሌ ያለኝን ያህል።

ከደብረ ሲና ወደ አርማንያ በሚወርደው ጠመዝማዛ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ሰማሁ። ኩርባ ላይ ዘንበል ባልኩ ቁጥር የእግር ማሳረፊያው አስፋልቱን ይጭራል። ሸዋ ሮቢት ደርሼ ከአስፋልቱ ወደ እህቴ ቤት በሚወስደው ኮረኮንች ስገባ የሞተሩ ሆድ ድንጋይ መታ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። አባቴ ድምፁን ሰምተው በራፍ ላይ ቆመው ነበር። ከዘራቸውን ተደግፈው ጎንበስ አሉና ከሥር ያለውን ላሜራ አዩት።

«ስንት አወረድከው?»

«ስድስት ሴንቲ ሜትር ነው አባባ።»

«አብዝተኸዋል» አሉኝ። «ቁመቱ ያንተ ብቻ አይደለም። መንገዱም ድርሻ አለው።»

ነገሩ ገብቶኛል፤ ግን ከሳቸው መስማቱ ትንሽ አናደደኝ። «እርስዎስ? ሃያ አምስት ዓመት ብርድ ልብስ ላይ ተቀምጠው ወገብዎን ጨረሱት እኮ! ወንበሩን ዝቅ የሚያደርግ ሰው ጠፍቶ ነበር?» አልኳቸው።

ዝም አሉ። እኔም ወዲያው ቆጨኝ። ሲቆዩ ግን «መኪናው የኔ አልነበረም» አሉ። «የሰው ዕቃ ዝቅ አድርጉልኝ ይባላል? ራስን ከፍ ማድረግ ነው እንጂ።»

ወደ ቤት ስንገባ ዓይኔ አልጋቸው ላይ አረፈ። የብረት አልጋ ነው፤ እግሩ ረጅም፤ ላዩ ላይ ሁለት ፍራሽ ተደርቦበታል። ከሥሩ ለመወጣጫ የሚሆን ዱካ አለ። ስንት ዓመት አይቼዋለሁ፤ ያን ቀን ግን የኤንትሬው ብርድ ልብስ ሆኖ ታየኝ። «አባባ፣ ኅዳር ላይ የወደቁት እንዴት ነው?» ስላቸው አልመለሱልኝም። የመለሰችው እህቴ ናት። ዱካው ነው ያንሸራተታቸው። ዝቅ ያለ ቦታ እናንጥፍልዎት ብትላቸው «መሬት አልተኛም» ብለዋታል።

«ይኼ አልጋ የማነው?» አልኳቸው።

«የኔ ነው እንጂ የማን ነው?»

«እንግዲያው የሰው ዕቃ አይደለም።»

ሜትር አመጣሁ። አልጋው ከነፍራሹ 64 ሴንቲ ሜትር ነው። አባቴን ወንበር ላይ አስቀምጬ ከተረከዛቸው እስከ ጉልበታቸው መታጠፊያ ለካሁ፤ 40። ሃያ አራቱንም ልቆርጠው ነበር። ሁለቱ ተረከዝ ትዝ ብሎኝ አፍሬ ዝም አልኩ። ልኩን የሰጡት እሳቸው ናቸው። «በጣም ካወረድከው ጉልበቴ አያነሳኝም። አምስት ሴንቲ ሜትር ለጉልበቴ ተው» አሉ። የወደቁት እሳቸው ስለሆኑ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። አሥራ ዘጠኝ ሆነ።

ከዋናው መንገድ ዳር የውሃ መሳቢያ ሞተርና ማረሻ የሚበይድ ልጅ ጋ አልጋውን በጋሪ ወሰድነው። አራቱን እግር ለክቶ እኩል ቆረጠ፤ ጫፉን በላሜራ ደፈነ። ያንኑ ቀን የሞተሬን መቆሚያ ቆርጦ በየደልኝ፤ ሆዱን ግን ወደ አራት ሴንቲ ሜትር የመለሰልኝ በሚቀጥለው ሳምንት የሶማሌ ተራው ሽማግሌ ነው። እንደማይሳሳት ስለሚያውቅ ሌላ ሁለት ብረት አስቀድሞ ቆርጦ አስቀምጦልኝ ነበር።

ማታ አባቴ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ሁለቱ እግሮቻቸው ምንጣፉ ላይ አረፉ። ወደ ታች እያዩ ብዙ ቆዩ። ጣቶቻቸውን አንቀሳቀሱ። «ይኼ ምንጣፍ ይቆረቁራል» አሉ በመጨረሻ። እህቴ ዱካውን ይዛ ወጣች። ያን ሌሊት ተነስተው በራፍ ድረስ ሄደው ሲመለሱ ሰማኋቸው። ተኝቼ እንደሆነ እንዲመስላቸው አልተንቀሳቀስኩም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ደብረ ሲና ስቆም አንዱ እግሬ በፊት ጣቶቹ፣ ሌላው ጨርሶ ሳይነካ፣ ደኅና አድርጌ ቆምኩ። ልጁ ድንጋይዋን ይዞ ከሩቅ ያመነታል። ጠራሁትና እግሬን አሳረፍኩባት፤ አራት ሴንቲ ሜትር ለተዳፋት አይበቃም። ሴትዮዋ አጭሩን መቆሚያ ስታይ ሳቀች። ለማን ነው ሁልጊዜ የምመላለሰው ብላ ጠየቀችኝ። የአባቴን ነገር፣ የአልጋውንም ነገር ነገርኳት። ሁለት ጣሳ ቆሎ ልትሰፍርልኝ ስትል ድንገት እጇን ገታች።

«አባትዎ ጥርስ አላቸው?»

«ብዙም የላቸው።»

ቆሎውን ወደ ሰፌዱ መለሰችና ከጎኗ ካለው ከረጢት የታሰረ በሶ አውጥታ ሰጠችኝ።

«ያው ገብስ ነው» አለች።